ብንያምና ነፋሱ



በዚህ ሳምንት የማጫውታችሁ ስለ አንድ ብስክሌተኛ ወጣት ነው። ስሙ ብንያም ግርማይ ይባላል። አገሩ ኤርትራ ነው። የተወለደው አሥመራ ከተማ ውስጥ፣ መጋቢት 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። አባቱ አናጢ ናቸው። ይህ የአናጢ ልጅ ገና 22 ዓመት ሳይሞላው፣ ከእሱ በፊት አንድም አፍሪካዊ ያላሸነፈውን የአውሮፓ ውድድር አሸነፈ። በ24 ዓመቱ ደግሞ በዓለም ትልቁ በሚባለው የብስክሌት ውድድር ሦስት ቀን አንደኛ ወጣ።

"እሺ፣ የብስክሌት ወሬ ለገበሬ ምን ያደርግለታል?" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ በእኛ ቀበሌ ብስክሌት ያለው ሰው ጥቂት ነው። ዳገቱም ጭቃውም አይመችም። ግን ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ የብስክሌት ብቻ አይደለም፤ የነፋስም ነገር ነው። ነፋስን ደግሞ ከገበሬ የበለጠ የሚያውቀው የለም። አውድማ ላይ ገለባውን ከእህሉ የምትለዩት በነፋስ አይደለም እንዴ?

ዓመተ ምሕረቱን የምጽፍላችሁ በእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን ለይቼ እነግራችኋለሁ።

የፊተኛውና የኋለኛው

ብስክሌት ለሚነዳ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ምን ይመስላችኋል? ዳገት ነው ትሉ ይሆናል። ዳገት ላይ እውነታችሁን ነው። ሜዳ ላይ ግን ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን እንኳ ቢሆን፣ ሰው በፍጥነት ሲሄድ አየሩ ራሱ ነፋስ ይሆንበታል። መኪና ላይ ተሳፍራችሁ እጃችሁን በመስኮት ያወጣችሁ ታውቁታላችሁ። አየሩ እጃችሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የብስክሌተኛውንም ደረት እንዲሁ ይገፋዋል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይብሳል።

አሁን ሌላ ብስክሌተኛ ከፊቱ ቢሄድለትስ? የፊተኛው ደረቱን ለነፋስ ይሰጣል። የኋለኛው በከለላው ይሄዳል። የፊተኛውን ጎማ ተጠግቶ ከተከተለ፣ ከጉልበቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ሊያተርፍ ይችላል። ሁለቱም የሚሄዱት እኩል ነው። አንደኛው ግን ይደክማል፤ ሌላው ያርፋል። ሚስጥሩ ይህ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የብስክሌት ውድድር ቢያይ፣ ሰው ሁሉ ተጨናንቆ የሚሄደው ለምን እንደሆነ አይገባውም። እንደ ንብ መንጋ ተጠጋግተው ሲሄዱ ያያል። ከነፋስ እየተከለሉ ነው።

ስለዚህ በትልቁ ውድድር ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም በቡድን ነው። ፕሮፌሽናል የሚባለው፣ ብስክሌት መንዳት እንጀራው የሆነ ሰው ነው። አንድ ቡድን ይቀጥረዋል፤ ደመወዝ ይከፍለዋል። በ2016 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው የፈረንሳይ ዙር ላይ 22 ቡድኖች ነበሩ። በእያንዳንዱ ቡድን ስምንት ሰው ነበረ። 22 ጊዜ 8 ስንት ነው? በደብተራችሁ ላይ ሥሩት። 176 ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።

ከስምንቱ ውስጥ የማሸነፍ ተስፋ የሚጣልበት አንድ ወይም ሁለት ነው። የቀሩት ለእሱ ይሠራሉ። ነፋስ ይከልሉለታል። ከኋላ ከሚከተለው የቡድኑ መኪና ውኃ ይቀበሉና ያመጡለታል። ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን ነቅለው የሚሰጡትም አሉ። በፈረንሳይኛ "ዶሜስቲክ" ይሏቸዋል። ትርጉሙ አገልጋይ ማለት ነው። እነሱ መጨረሻ ላይ ደክመው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ስማቸው በሬዲዮ አይጠራም። ነገር ግን ያለ እነሱ አንደኛ የሚወጣ የለም። የሽልማቱን ገንዘብ አሸናፊው ብቻውን ወደ ኪሱ አይከተውም፤ ለቡድኑ ማካፈል የቆየ ልማዳቸው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የአሥመራ መንገድ

ብንያም ከየት መጣ? ኤርትራ ትንሽ አገር ናት። በብስክሌት ግን ስሟ ትልቅ ነው። ብስክሌት ወደዚያ የገባው በጣሊያን ዘመን ነው። ጣሊያኖች አገሩን በቅኝ ግዛት ይዘው ሳለ ለራሳቸው ውድድር ያደርጉ ነበር። የአገሬው ሰው ከእነሱ እኩል እንዲወዳደር ግን አይፈቅዱም ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1939 አንድ ጊዜ ኤርትራውያንና ጣሊያኖች አብረው እንዲወዳደሩ ተደረገ። ገብረማርያም ገብሩ የሚባል ኤርትራዊ ጣሊያኖቹን ቀድሞ ገባ። ይህን ስም ያዙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኛም አገር ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን ነበር። ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደው ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የመቀሌው ልጅ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ስማቸው ስለተመሳሰለ ወንድማማች እንዳይመስሏችሁ።

ቱር ደ ፍራንስ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በበጋቸው፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ በሰኔና በሐምሌ የሚደረግ ውድድር ነው። ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በ2016 ዓ.ም. የተደረገው 3,498 ኪሎ ሜትር ነበር። በ21 ቀን ተከፋፍሎ ይነዳል። በየቀኑ አንድ አሸናፊ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሁሉም ቀን ሰዓት ተደምሮ ጠቅላላ አሸናፊው ይታወቃል።

በ2007 ዓ.ም. ሁለት ኤርትራውያን፣ ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ፣ በዚህ ውድድር ገቡ። ዳንኤል በዳገት ላይ ነጥብ ሰብስቦ፣ ነጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን የተራራ ማሊያ ለበሰ። ይህን ማሊያ በቱር ደ ፍራንስ የለበሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። ብንያም ያን ጊዜ 15 ዓመቱ ነበር። አያችሁ? ብንያም ገና ብስክሌት ላይ ሳይጠነክር ዳንኤል ነፋሱን ሰንጥቆለት ነበር። ከዳንኤል በፊት ደግሞ እነ ገብረማርያም ነበሩ።

ከቤት መውጣት

ብንያም በ2010 ዓ.ም. በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ በተደረገው የአፍሪካ ሻምፒዮና በወጣቶች ክፍል ሦስት ወርቅ አገኘ። ከዚያ ስዊዘርላንድ ሄደ። እዚያ ኤግል በምትባል ከተማ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ያቋቋመው ማሠልጠኛ አለ። በአገራቸው በቂ ውድድርና አሠልጣኝ ለማያገኙ ወጣቶች የተሠራ ትምህርት ቤት ነው። ብንያም ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ቤልጂየም ውስጥ በአንድ የወጣቶች ውድድር ላይ፣ ሬምኮ ኤቨንፑል የሚባለውን የቤልጂየም ልጅ በአንድ ቀን ውድድር ቀደመው። ይህ ሬምኮ ዝም ብሎ ሰው አይደለም። ኋላ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ሁለት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ብንያም በ19 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆነ። የቀጠረው አንድ የፈረንሳይ ቡድን ነበር። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ የኮሮና በሽታ መጣ፤ ውድድር ሁሉ ቆመ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቡድኑ ገንዘብ አጠረው። ደመወዝ የሚከፍል ሲጠፋ ፕሮፌሽናል የሚባል ነገር የለም። አስቡት፤ ከአገሩ ርቆ ያለ ወጣት ነው፤ የቀጠረው ቤት እየፈረሰ ነው። "ወደ አገሬ ልመለስ" ቢል ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን ሌላ ቡድን አገኘ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርማርሼ የሚባል የቤልጂየም ቡድን ወሰደው። ቡድኑ ከሀብታሞቹ ቡድኖች ጋር የሚተካከል አልነበረም። ግን ለወጣቱ ከለላ ሰጠው።

ፍሬው ቶሎ ታየ። መስከረም 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ቤልጂየም ውስጥ ሉቨን በምትባል ከተማ፣ ዕድሜያቸው ከ23 ዓመት በታች የሆኑት የሚወዳደሩበት የዓለም ሻምፒዮና ተደረገ። አንድ ጣሊያናዊ ቀድሞ አምልጦ ነበር። ብንያም የቀሩትን ሁሉ ቀድሞ በ2 ሴኮንድ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ። ብር አገኘ። በመንገድ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ።

አራት ሰው በወንፈል

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። ቤልጂየም ውስጥ ያን ጊዜ ጌንት ቬቨልገም ይባል የነበረ ውድድር አለ። ከተጀመረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 ነው። የሚያልቀው በአንድ ቀን ነው። ያንድ ቀን ነው ብላችሁ አትናቁት። በ2014 ዓ.ም. የነበረው ወደ 249 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ሻሸመኔ ድረስ በአንድ ቀን በእግራችሁ ፔዳል እየመታችሁ ብትሄዱ ያን ያህል ይሆናል። መንገዱ በባሕር አጠገብ ባለ ሜዳ ያልፋል። ዛፍም ተራራም የማይከልለው ነፋስ ከጎን ይመታል። ከዚያ ደግሞ ኬመልበርግ የሚባል በኮብልስቶን የተነጠፈ ቀጥ ያለ ዳገት አለ። እዚያ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ ብዙ ሰው ይቀራል።

ብንያም በዚህ ውድድር እንዲገባ መጀመሪያ አልታሰበም ነበር። ወደ አገሩ ሊሄድ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት በሌላ ውድድር አምስተኛ ሲወጣ፣ "ይህንንም ሞክር" ተባለ። መጋቢት 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ ቀን፣ ተሰለፈ።

መጨረሻው ሲቃረብ አራት ሰዎች ከመንጋው አመለጡ። አንዱ ፈረንሳዊ፣ ሁለቱ ቤልጂየማውያን፣ አራተኛው ብንያም ነበሩ። አራቱም ከአራት የተለያየ ቡድን ናቸው። ባላጋራ ናቸው ማለት ነው። ከኋላቸው ያለው መንጋ እየተከተላቸው ነው። ታዲያ ምን አደረጉ? ወንፈል ገቡ!

ወንፈል ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ዛሬ የአንተን ማሳ እናርማለን፤ ነገ የእኔን። አራቱም እንዲሁ ነው ያደረጉት። አንዱ ትንሽ ጊዜ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ይሰነጥቃል። ሦስቱ ከኋላው ያርፋሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሌላው ይተካዋል። ተራውን የሚሸሽ ካለ ወንፈሉ ይፈርሳል፤ መንጋው መጥቶ አራቱንም ይውጣቸዋል። ስለዚህ ባላጋራዎቹ እየተራዱ ሄዱ።

ነገር ግን ወንፈል መጨረሻ አለው። የመጨረሻው መስመር ሲታይ እያንዳንዱ ለራሱ ነው። እዚያ ቦታ አራቱም ፈራ ተባ አሉ። ለምን? ቀድሞ የወጣ ነፋሱን ለብቻው ይጋፈጣል። ከኋላ ያለው በእሱ ከለላ አርፎ ሊቀድመው ይችላል። ብዙ ጠብቆ የዘገየም ሌላው ያመልጠዋል። ወደ 250 ሜትር ሲቀር ብንያም ወጣ። ከሰው ጀርባ ወጣ፤ ደረቱን ለነፋስ ሰጠ። ፈረንሳዊው ክሪስቶፍ ላፖርት ተከተለው። ሊደርስበት ሞከረ። አልቻለም። ብንያም አንደኛ ገባ። ይህን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሳምንት በኋላ ከዚህም የሚበልጥ ስም ያለው ሌላ ውድድር ነበር። ሰው ሁሉ "እሱንም ይንዳ" አለ። ብንያም ግን ሚስቱንና ትንሿን ልጁን ካየ ሦስት ወር ሆኖት ነበር። ወደ አሥመራ ሄደ። ሕዝቡ በመንገድ ዳር ተሰልፎ ተቀበለው። የአውሮፓ ሰዎች ገረማቸው። እኔን ግን አልገረመኝም። ቤቱን የረሳ ሰው ለማን ብሎ ይሮጣል?

ስለ ወይፈን

ይህን ታሪክ በክፍላችን አንድ ማታ አጫውቼ ነበር። ከተማሪዎቹ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ያፍራሉ። ፊደል ከቆጠሩ ስድስት ወራቸው ነው። ንባባቸው ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚያነቡት እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጣቴን በመስመሩ ላይ ሳስኬድላቸው ነው። ያን ዕለት እንዲህ አሉኝ፦

"ልጄ፣ አንቺ ጣትሽን ስታስኬጂልኝ ፊደሉ ይናገራል። ብቻዬን ሳየው ግን ጉንዳን ይመስለኛል። እኔ ማንበብ ቻልኩ ይባላል እንዴ? በሰው ጀርባ ተንጠልጥዬ ነው እንጂ!"

እኔም፣ "አባባ፣ ወይፈን እርሻ ሲያለምዱ ምን ያደርጋሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ከሠለጠነ በሬ ጋር እጠምደዋለኋ!"

"ታዲያ ወይፈኑ ያፍራል?"

ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ "ምን ብሎ ያፍራል! ግን ልጄ፣ ሁልጊዜ ከዚያ በሬ ጋር ብቻ የለመደ እንደሆነ ያስቸግራል። በሬው የሞተ ለት ምን ሊውጠው ነው?" አሉኝ።

ሳቁ ቆመ። የኔም መልስ ቆመ። እሳቸው ያሉት እውነት ነበር። እኔ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲዬ እመለሳለሁ። ጣቴም አብሮኝ ይሄዳል። ያን ጊዜ ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ይቀር ይሆን? ፊደል ተምረው ከዓመት በኋላ የረሱ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። መዶሻ ካልያዙት ይዝጋል። ዓይንም ካላነበበ ይረሳል።

ለዚህ ነው ስለ ብንያም የጻፍኩላችሁ። ከሰው ጀርባ መሄድ ነውር አይደለም። ፕሮፌሽናሉም የሚሄደው እንዲሁ ነው። 249 ኪሎ ሜትር ሙሉ ፊት ለፊት ነፋስ እየተጋፈጠ የሚያሸንፍ ማንም የለም። ነገር ግን የመጨረሻውን 250 ሜትር ማንም አይነዳላችሁም።

መውደቅና መነሣት

ብንያም ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አሸነፈ ብዬ ብጽፍ ዋሸሁ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ጂሮ ዲታሊያ በሚባለው የጣሊያን ዙር ገባ። በመጀመሪያው ቀን ማቲዩ ቫን ደር ፖል የሚባል ኃይለኛ የኔዘርላንድ ሰው ቀደመው፤ ሁለተኛ ወጣ። ግንቦት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሥረኛው ውድድር ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። የመጨረሻው መስመር ላይ ጎን ለጎን መጡ። ብንያም አልለቅም አለ። ቫን ደር ፖል ተሸነፈ፤ እየተነፈሰ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አነሣለት። "አበጀህ" ማለቱ ነው።

ገብረማርያም ገብሩን አስታወሳችሁ? በ1939 ጣሊያኖች አገሩን በያዙበት ዘመን ጣሊያኖችን ያሸነፈውን? ከ83 ዓመት በኋላ ሌላ ኤርትራዊ በጣሊያን አገር፣ በጣሊያን ሕዝብ ፊት አንደኛ ወጣ። ሕዝቡም አጨበጨበለት።

ግን ደስታው አንድ ሰዓትም አልቆየ። ለሽልማት መድረክ ላይ ቆሞ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ሲከፍት፣ ቡሹ ተፈናጥሮ ግራ ዓይኑን መታው። ሐኪም ቤት ተወሰደ። ዓይኑ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። በማግስቱ ውድድሩን አቋረጠ። ታላቅ የተባለውን ድል ባገኘበት ቀን ማታ ተኝቶ ዓይኑን ይታከም ነበር። ደግነቱ ዓይኑ ዳነ።

በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ቱር ደ ፍራንስን ነዳ። አንድም ቀን አላሸነፈም። በ2016 ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ እንደገና ወደ ጣሊያን ዙር ሄደ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ነበር። መንገዱ ያንሸራትታል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ወድቆ ውድድሩን ተወ። ይህ ሁሉ የሆነው ትልቁ ድሉ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። የዚያን ቀን ማታ ያንን ማን ያውቅ ነበር?

አረንጓዴው ማሊያ

ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የቱር ደ ፍራንስ ሦስተኛው ቀን ነበር። ውድድሩ የዚያን ዕለት ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ከተማ ገባ። የብንያም የቡድን ጓደኞች በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነፋሱን እየሰነጠቁ፣ በሕዝቡ መካከል እየሾለኩ ከፊት አደረሱት። ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ድርሻ ነበር። ወጣ። አሸነፈ። ቱር ደ ፍራንስ ላይ የአንድ ቀን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። ለቡድኑም በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ድል ነበር።

እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገና የገባሁ ነበርኩ። በመኝታ ክፍላችን ስምንት ልጆች በአንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን አየን። ከትግራይም፣ ከጎጃምም፣ ከወላይታም የመጣን ነበርን። ብስክሌት ነድቶ የሚያውቅ ከመካከላችን ሁለት ብቻ ነው። ሲያሸንፍ ግን ሁላችንም ጮኽን።

ሰኔ 29 እንደገና አሸነፈ። ሐምሌ 4 ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። በቱር ደ ፍራንስ ጠቅላላ አሸናፊው ቢጫ ማሊያ ይለብሳል። በየቀኑ በፍጥነት ነጥብ የሚሰበስበው ደግሞ አረንጓዴ ይለብሳል። ብንያም አረንጓዴውን ለበሰ። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ወደቀ። ያን ቀን ተነሥቶ ጨረሰ። በሕመሙም ላይ ነዳ። ሐምሌ 14 ቀን ኒስ ከተማ ላይ ውድድሩ ሲያበቃ አረንጓዴው ማሊያ በጀርባው ላይ ነበር። ይህን ማሊያ እስከ መጨረሻው ጠብቆ የወሰደ አፍሪካዊ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ሌላም የሚያስደስተኝ ነገር አለ። ፈረንጆች ብዙ ጊዜ "ግርማይ! ግርማይ!" እያሉ ይጠሩታል። በእነሱ ልማድ ኋላ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። በእኛ ግን የአባት ስም ነው። እነሱ ሳያውቁት፣ በየመንገዱ የጮኹት የዚያን የአሥመራ አናጢ ስም ነው። ልጁን ከኋላ ሆነው የገፉት አባት ስማቸው ከፊት ሄደ።

በ2017 ዓ.ም. ብንያም ድል አላገኘም። በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያ ቀን ሁለተኛ ወጣ። ማሳም በየዓመቱ እኩል አያበቅልም። ገበሬ ግን ዘንድሮ አልሰጠኝም ብሎ ሞፈሩን አይሰብርም።

ከእንግዲህ

አሁን ሥራ ልስጣችሁ። ይህን ወረቀት በዚህ ሳምንት ብቻችሁን አንብቡት። እኔ ሳልኖር። ዓይናችሁ ከመስመር ወደ መስመር የሚዘልባችሁ ከሆነ፣ ቀጥ ያለ የገለባ እንጨት ከመስመሩ በታች እያስቀመጣችሁ ውረዱ። አንድ ቃል ቢያስቸግራችሁ አትቁሙ፤ እለፉትና ተመለሱበት። ሦስት መስመር ብቻ ብታነቡም ሦስት መስመር ነው። ነገ አራት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ወንፈሉን ጀምሩ። አንዳችሁ ከሌላው በተሻለ ታነባላችሁ። የተሻለው ዛሬ ለጎረቤቱ ያንብብለት። በሚቀጥለው ሳምንት ጎረቤቱ ለእሱ ያንብብ። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ። ተራ የሚሸሽ አይኑር።

ሁለት ጥያቄም ይዛችሁ ኑ። አንደኛ፦ ብንያም ካሸነፈባቸው ቀኖች የትኛውን ነው እናንተ የወደዳችሁት? ሁለተኛ፦ በእናንተ ሕይወት ነፋሱን የሰነጠቀላችሁ ማን ነበር? የሁለተኛውን መልስ በቃል አልቀበልም። በደብተር ላይ ጽፋችሁ አምጡልኝ። ስማቸውንም አትርሱ።